አዲስ የበረኛ ጓንት ለጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ ጓንት ከላስቲኩ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ግጥሚያ አይገባም። መዳፉን የሚሸፍነው ላቴክስ (እንደ ስፖንጅ ያለ ለስላሳ ጎማ) ከፋብሪካ ሲወጣ ገጹ ላይ የሚቀር ነገር ስላለ ኳስ ያንሸራትታል። ይህን የማያውቅ በረኛ ሁለት ጎል ከተቆጠረበት በኋላ «አስመስለው የሠሩትን ሸጡልኝ» እያለ ነጋዴውን ያማል።

ልኩን ግን ከመግዛትዎ በፊት ይጨርሱ፤ የታጠበ ጓንት የሚመልስልዎ ሱቅ የለም። አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ከገዙ እዚያው ያጥልቁትና ኳስ ይያዙበት። ከመሀል ጣትዎ ጫፍ እስከ ጓንቱ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርፍ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። የጠበበ ጓንት ስፌቱ ቶሎ ይተረተራል።

ቤት ሲደርሱ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ያድርጉ፤ 30 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ጓንቱን እንዳጠለቁ እጅዎን ይንከሩና መዳፍን ከመዳፍ ጋር በቀስታ ይሹ። መጀመሪያ ላይ አረፋ ሊወጣ ይችላል፤ ውሃው እስኪጠራ እየቀየሩ ያለቅልቁት። የዱቄት ሳሙናና በረኪና አያስጠጉት። ሲጨርሱ እንደ ካልሲ አይጠምዝዙት፤ ከጣቶቹ ወደ አንጓው እየተጫኑ ውሃውን ያስወጡ።

ብዙ ጓንት የሚበላሸው በማድረቅ ላይ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሱሉልታ የቀትር ፀሐይ ቀላል አይደለችም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ላቴክስ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ያው ነው። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይስቀሉት።

ከዚያ በልምምድ ያለማምዱት። መዳፉን በትንሹ ያርጥቡና ጓደኛዎ ከቅርብ ርቀት በእጁ እንዲወረውርልዎ ያድርጉ፤ ቀስ በቀስ ወደ ምት ይሸጋገሩ። ጣቶቹ ሳያስቸግሩ መታጠፍ ሲጀምሩና ኳሱ መዳፍዎ ላይ ሲረጋ ለግጥሚያ ደርሷል።

አሁን ወደ እኛ ሜዳ እንምጣ። ጓንቱ የተሠራው ለሣር ነው፤ በገላንና በአቃቂ በኩል በበጋ የምንጫወተው ግን ጠጠርና አቧራ ላይ ነው። አቧራው የላቴክሱን ቀዳዳዎች ይደፍንና መዳፉ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ከጎሉ ጀርባ አንድ ጠርሙስ ውሃ ያስቀምጡ፤ ጨዋታው ሲቆም መዳፉን አጠብ አድርገው ያራግፉት። እርጥብ እንጂ የራሰ መሆን የለበትም፤ የራሰው አቧራውን ጭቃ አድርጎ ይጋግረዋል። ወድቀው ሲነሡ ደግሞ መሬቱን በመዳፍዎ ሳይሆን በጡጫዎ ይደገፉ። እንደ እኔ ከሆነ ውድ ጓንት ከመግዛት ይልቅ ይህችን ልማድ መያዝ ይሻላል። አሮጌውንም አይጣሉት፤ ጠጠር ላይ ለሚደረግ ልምምድ ይሁንልዎ።

ከጨዋታ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው በጥላ ያድርቁት። ሲያስቀምጡ መዳፎቹ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ፤ ቦርሳ ውስጥ ተጣብቀው ያድራሉ። በጉልበት ሲላቀቁ ላቴክሱ እየተቦጨቀ ከሥር ያለው ጨርቅ ይታያል። ተጣብቀው ካገኟቸው መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይንከሯቸው፤ ከረጠቡ በኋላ ከጠርዝ ጀምረው ቀስ እያሉ ይለያዩአቸው።