ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትነዱ ፍጥነት ቀድማችሁ ቀንሱ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ርዝመቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሶኮሩን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት ነው።

እሱን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጣችሁ ብቻ አትውረዱት። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ይግላል፣ ሳይለቀቅ ሲረገጥ ደግሞ ግለቱ እየባሰ ይሄድና የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ያኔ እስከ ታች ብትረግጡትም መኪናው አይቆምላችሁም። ስለዚህ ገና ሜዳው ላይ እያላችሁ ፍጥነት ቀንሱና ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ዝቅ ያለ ቁጥር ያለውን፣ አስገቡ። ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፣ ሲቀንስ ልቀቁ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ ግን አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው ቁልቁለት የሚለቁ አሉ። በእናታችሁ ይህን ተዉ!

በጅማ በኩል ደግሞ ዝናብ አይጠፋም። በተለይ ገና ማካፋት ሲጀምር አስፋልቱ ላይ የቆየው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ያንሸራትታል። ርቀት ጠብቁ። በ80 ስትነዱ በ1 ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ደንግጣችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪደርስ ብቻ ያን ያህል መንገድ አለቀ ማለት ነው። ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ዛፍ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ እናንተ ዛፉ ጋ እስክትደርሱ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይሁን፣ በዝናብ እጥፍ አድርጉት። ጠዋት ጉም ካለ አጭር መብራት ይሻላል፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ይወጋል። ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፍ የለም፣ የፊተኛው አይሱዙ የቱንም ያህል ቢያዘግም።

ሰርቦንና አሰንዳቦን ስታልፉ፣ በተለይ በገበያ ቀን፣ አስፋልቱ የሰውና የከብት ነው። አንዲት ፍየል ከተሻገረች ከኋላዋ የሚሮጥ ልጅ ይኖራል ብላችሁ ጠብቁ።

ስለ ጫትም ልናገር። እንቅልፍን ያባርራል ተብሎ ሌሊት ይቃማል፤ ድካሙን ግን ከሰውነት አያወጣውም፣ ይደብቀዋል እንጂ። ዓይናችሁ ከከበደ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ሰው ያለበት ቦታ ቁሙና 20 ደቂቃ ተኙ። የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ቆማችሁ ደውሉለት፣ እዘገያለሁ በሉት።