ወርቅ ቅብ ሲቃጠል፣ ሲላጥና ሲጠቁር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ጌጥ ስጠግን በየሳምንቱ የሚመጣብኝ ብልሽት ያው አንዱ ነው፦ የወርቅ ቅብ፣ ማለትም ሥሩ ሌላ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ በስስ ወርቅ የተሸፈነ ጌጥ። በሳሙና ታጥቦ የሚለቀውን ትቼ፣ የማይለቀውን ልንገራችሁ።

ምልክት፦ ከተበየደ በኋላ ወርቁ ጠፋ

ሀብል ይበጠሳል፣ ይበየዳል። ሲመለስ የተበየደበት ቦታ ዙሪያውን መልኩ ተለውጧል። ከሥሩ መዳብ ወይም ናስ ከሆነ ቀልቶ ይጠቁራል። ብር ከሆነ ገርጥቶ ይነጣል። ባለቤቱ ወዲያው "ወርቄን ፍቆ ወሰደው" ይላል። ከሐይቅ የመጡ አንዲት እናት በዚሁ ሰበብ ከአንድ አንጥረኛ ጋር ሽማግሌ ፊት ደርሰው ነበር። መስቀላቸውን አይቼ "አብሽሩ እማ፣ ሰውየው አልሰረቀዎትም" አልኳቸው። ለማመን ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ርካሽ ቅብ ብዙ ጊዜ 0.2 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የብር መበየጃ ደግሞ ከ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ወርቅ የሚቀልጠው 1064 ላይ ስለሆነ አይቀልጥም። ግን እቃው ፍም ሲመስል ወርቁ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። እዚያው መዳቡ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብትወለውሉትም አይመለስም።

መፍትሄው ከእሳት በፊት ይጀምራል። የመቆለፊያውን ውስጠኛ ጎን በደቃቅ ሞረድ አንድ ጊዜ ብቻ ንኩትና በማጉያ መነጽር እዩት። ጭረቱ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ደብዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ነጭ ከሆነ ብር ወይም ኒኬል ነው። ጭረቱ እስከ ታች ድረስ ከላዩ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ ቅብ ነው፤ እሳቱን አቁሙ።

የተከፈተው ማያያዣ ቀለበት ብቻ ከሆነ መበየድ ለምን? በሁለት ፒንሳ ያዙና ጫፎቹን ወደ ጎን አዙራችሁ ግጠሙት። ወደ ውጭ አትለጥጡት፣ ይሰበራል። መበየድ ግድ ከሆነ በይዱ፣ ወልውሉ፣ ሙሉውን እንደገና አስቀቡ። የቅቡን ዋጋ ለደንበኛ ሳትነግሩ እሳት አትለኩሱ! አዲስ ጌጥ የምትሠሩም ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ቅቡን አስገቡ። ቀድሞ የተቀባ ማያያዣ ገዝቶ መበየድ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

"ወርቁ እንዳይቃጠል" ብለው በትንሽ ሙቀት በሚቀልጥ የእርሳስ መበየጃ የሚበይዱ አሉ። በጥር ሠርግ ዋዜማ የመጣልኝ የሙሽራ ሀብል እንዲህ ተሠርቶ ነበር። ግራጫ ጓል ተለጥፎበት፣ ያውም እንደገና ተበጥሶ። እርሳስ መርዝ ነው። የሰው አንገት ላይ ምን ይሠራል? እንዲህ ያለውን ሥራ አትቀበሉ፣ አትሥሩም።

ምልክት፦ እንደ ቅርፊት ይላጣል

ከመቀባቱ በፊት ቅባትና የመወልወያ ፓስታ ተጣብቆበት ቀርቷል። ከላዩ ደርቦ መቀባት አይሠራም። አሮጌው ቅብ ተነስቶ፣ እቃው በደንብ ጸድቶ ከዜሮ ይቀባል።

ምልክት፦ እሳት ሳይነካው ጠቆረ

ከወርቁ ሥር መዳቡን የሚያግድ የኒኬል ሽፋን አልገባም፤ ስለዚህ መዳቡ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ስታስቀቡ "ከሥሩ ኒኬል አለ ወይ?" በሉ። ለጆሮ ጌጥ ስስ ቅብ ይበቃል። ቀለበት ግን ቀኑን ሙሉ ይፋተጋል፤ ብር ላይ 2.5 ማይክሮን ጠይቁ። ወይባ ጢስ ስትገቡም አውልቁት፤ ላብና ጢስ አይስማማውም።

ኒኬል የሚያሳክከው ሰው ካለ በምትኩ ፓላዲየም የሚባለው ነጭ ብረት ይሆናል። ጣት አረንጓዴ ካደረገ መዳቡ ከላብ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ቅቡ አልቋል።

በአመድና በሎሚ አትፈትጉ። በጥርስ ሳሙናም አትፈትጉ። ብር መፈተግ የለመደ እጅ ቅብን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል።

የወርቅ መቀቢያው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለበት። አሲድ ከነካው ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ሁለቱን በአንድ ገንዳ የሚያጥብ ሰው ጋ ሥራ አትስጡ። ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ልጆች ባሉበት፣ በፍጹም አትሞክሩት።