ለኮሌጅ ዶርም ኔትወርክ እንዴት ይዘረጋል?

የዶርም ኔትወርክ የሚፈተነው ማታ ነው። ቀን ላይ ተማሪው ትምህርት ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ስለሚውል መስመሩ ባዶ ነው። ሲመሽ ግን ሁሉም ይገባል። አንዱ ቪዲዮ ይከፍታል፣ አንዷ አሳይመንት ትልካለች፣ ሌላው ከቤተሰቡ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኬብል እስከ መጨረሻው ፓስወርድ ድረስ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ይሄ ነገር ማታ ሁሉም ሲገባበት ይችላል ወይ?

መጀመሪያ ሕንፃውን እወቁት

ፕላኑን ያዙና ክፍል በክፍል ዙሩ። ኮንክሪት፣ ብሎኬትና ብረት የዋይፋይ ሲግናል ያዳክማሉ። ስስ የጂፕሰም ግድግዳ ብዙም አያስቸግርም። መታጠቢያ ቤት ያለበትን ጎን ምልክት አድርጉበት፤ የውሃ ቧንቧ የበዛበት ግድግዳም ሲግናል ይቀንሳል።

ከዚያ አልጋ ቁጠሩ። ክፍል መቁጠር ያሳስታል፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሊተኛ ይችላል። ለአንድ ተማሪ ሦስት መሣሪያ ብላችሁ ብትይዙ አይበዛም። 400 አልጋ ያለው ሕንፃ እስከ 1,200 መሣሪያ ያስተናግዳል ማለት ነው። ማታ ግማሹ ተማሪ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍትና ለእያንዳንዱ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ብትመድቡ፣ 200 ሲባዛ በ5፣ 1,000 ሜጋቢት ይመጣል። ለቪዲዮ ብቻ 1 ጊጋቢት ነው። ወደ ሕንፃው የሚገባው መስመር ከዚህ ካነሰ ውስጥ ምንም ዓይነት ውድ ዕቃ ብትሰቅሉ ማታ ማታ መጎተቱ አይቀርም።

ከሕንፃ ሕንፃ በፋይበር

በሕንፃዎች መካከል የመዳብ ኬብል አትዘርጉ። የኢተርኔት መዳብ ከ100 ሜትር በላይ አይሄድም። ከዚያም በላይ መብረቅ ሲመታ በሁለት ሕንፃ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ልዩነት በመዳቡ በኩል ገብቶ ስዊቾቹን (ኬብሎቹ የሚሰኩባቸውን ማከፋፈያ ሳጥኖች) ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሲንግል ሞድ የሚባለው ለረጅም ርቀት የተሠራ ፋይበር በ10 ጊጋቢት ፍጥነት 10 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ለአንድ ካምፓስ ይበቃል። ቁፋሮው አድካሚ ሥራ ነውና አንዴ ከተቆፈረ ትርፍ ቱቦም አብራችሁ ቅበሩ።

የስዊች ክፍሉን ምረጡ

የ100 ሜትሩ ገደብ እዚህም ይሠራል። 90 ሜትሩ በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ለሚያልፈው ኬብል ነው። የቀረው 10 ሜትር በሁለቱም ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ገመዶች ነው። ስትለኩ ኬብሉ የሚሄድበትን መንገድ ለኩ፤ ወደ ጣሪያ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ሲወርድ በፕላኑ ላይ ካለው ቀጥታ መስመር በጣም ይረዝማል። ክፍሉ ቁልፍ፣ አየር ማስገቢያ፣ ኧርዝና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ይኑረው። የጽዳት ዕቃና ውሃ ያለበት ክፍል አይሆንም።

ኬብሉ ላይ አትሰስቱ

ስዊችና ዋይፋይ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ የገባ ኬብል ግን እዚያው ይቆያል። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ከሌላው ቀንሳችሁ ኬብሉን ጥሩ ግዙ ባይ ነኝ። ካት 6 የሚባለው የመዳብ ኬብል ዓይነት 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር፣ 10 ጊጋቢትን እስከ 55 ሜትር ያደርሳል። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን ሙሉውን 100 ሜትር ይወስዳል።

ገበያ ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ኬብልም አለ። ይረክሳል፣ ግን ይሰበራል፤ ኃይል ሲላክበትም ይሞቃል። ለመለየት አንዷን ሽቦ ላጡና በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጓት። ውስጧ ነጭ ካብለጨለጨ አሉሚኒየም ነው፤ መልሱት።

ጫፉን ስትሠሩ የላይኛውን ሽፋን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ግፈፉ። አራት ጥንድ ሽቦ ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ ጥንድ ተጠማዟል። ያ መጠማዘዝ የጥንዶቹ ሲግናል እርስ በርስ እንዳይረባበሽ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱት። ቲ568ቢ በሚባለው የተለመደ የሽቦ አደራደር ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የክፍሉን ቁጥር ሁለቱም ጫፍ ላይ ለጥፉ፣ እያንዳንዱንም በቴስተር ፈትሹ። ጣሪያው ከተዘጋ በኋላ ስም የሌለው ኬብል መፈለግ መከራ ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአንድ አልጋ አንድ ሶኬት የሚል አሠራር ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው ዋይፋይ ስለሚጠቀም በአንድ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ሶኬት ይበቃል።

ዋይፋዩን ከኮሪደር አውጡት

ብዙ ቦታ አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋይ የሚያሰራጩት ሳጥኖች) ኮሪደር ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ለሠራተኛው ይቀለዋል፤ ለተማሪው ግን አይበጅም። ኮሪደሩ ክፍት ስለሆነ አክሰስ ፖይንቶቹ እርስ በርሳቸው በደንብ ይደማመጣሉ፣ ይረባበሻሉ። ተማሪው ጋ ለመድረስ ደግሞ ሲግናሉ በርና ግድግዳ ማለፍ አለበት። ክፍል ውስጥ ስትሰቅሉት ነገሩ ይገለበጣል። ያው ግድግዳ የጎረቤቱን ረብሻ ይከለክልላችኋል። በኮንክሪት ሕንፃ ለሁለት ክፍል አንድ ብላችሁ ጀምሩና ለክታችሁ አስተካክሉ።

ዋይፋይ በዋናነት በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ዋናውን ሸክም 5 ጊጋኸርዝ ይሸከም። የማስተላለፊያ ኃይሉን ከፍ ማድረግ መፍትሔ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ የተማሪው ስልክ በዚያው ልክ ጮኾ መመለስ አይችልም።

አክሰስ ፖይንቱ ኃይል የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ ነው። የስዊቹን ጠቅላላ ዋት አስቀድማችሁ እዩ። 24 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ሁሉም 30 ዋት ይስጡ ቢባል 720 ዋት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ስዊች ይህን አይችልም።

አድራሻና መግቢያ

እያንዳንዱ መሣሪያ ኔትወርኩ ላይ የራሱ የአይፒ አድራሻ (መለያ ቁጥር) ያስፈልገዋል። የተለመደው አንድ የአድራሻ ክልል 254 መሣሪያ ብቻ ይይዛል። እሱ ሲሞላ ተማሪው ሲግናል ሙሉ እያየ ኢንተርኔት አያገኝም። ለእያንዳንዱ ፎቅ የተለየ ቪላን (በዚያው ዕቃ ላይ ተለይቶ የሚሠራ ንዑስ ኔትወርክ) ስጡ፣ ክልሉንም 510 አድራሻ ወደሚይዘው አስፉት።

ለሁሉም አንድ ፓስወርድ አትስጡ፤ ይወጣል። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ አካውንት በ802.1ኤክስ (እያንዳንዱን ተጠቃሚ በስሙ አረጋግጦ የሚያስገባ አሠራር) ይግባ። ተቋሙ የኤዱሮም (ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የዋይፋይ አገልግሎት) አባል ከሆነ ተማሪው በዚያው አካውንት ሌሎች አባል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም ይገባል። ብዙ ፕሪንተሮችና የጌም መጫወቻዎች እንዲህ መግባት ስለማይችሉ መመዝገቢያ አዘጋጁላቸው።

ሁለት ችግሮች በዶርም ውስጥ መምጣታቸው አይቀርም። አንደኛው ተማሪ የራሱን ራውተር አምጥቶ በተሳሳተው ቀዳዳ ሲሰካው ነው። ራውተሩ ለጎረቤቶቹ የማይሠራ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ ፎቁ በሙሉ ይቋረጣል። ስዊቹ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ካልተፈቀደ መሣሪያ የሚመጣን አድራሻ የሚያግድ) ካበራችሁ ይህ ይቆማል። ሁለተኛው የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ነው። መረጃው እየተሽከረከረ መስመሩን ያጨናንቀዋል። ለዚህ የሉፕ መከላከያውን አብሩ። ሁለቱንም ከመክፈቻው ቀን በፊት አድርጉ።

ጌምና ቪዲዮ መዝጋት ግን አልደግፍም። ዶርም ለተማሪው ቤቱ ነው፤ እዚያው ያጠናል፣ እዚያው ይዝናናል። ከመዝጋት ይልቅ መስመሩ በሰው ልክ እኩል እንዲካፈል አድርጉ፤ አንዱ ብዙ ሲያወርድ ሌላው አይራብ።

አንድ ፎቅ ሞክሩ

ሙሉ ሕንፃውን በአንዴ አትክፈቱ። አንድ ፎቅ ሥሩና ተማሪ ገብቶበት ማታ ለኩ። በሩን ዝጉ፣ ከአክሰስ ፖይንቱ የራቀው አልጋ ላይ ተቀመጡ፣ ስልኩን በእጃችሁ ያዙ። የሲግናሉ ጥንካሬ ከኔጌቲቭ 67 ዲቢኤም የተሻለ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የቀረበ፣ ከሆነ ጥሩ ነው። ኔጌቲቭ 75 ካሳየ ቦታውን ቀይሩ ወይም አንድ ጨምሩ።

ሲከፈት ደግሞ ከየፎቁ አንድ ሁለት ፈቃደኛ ተማሪዎች ምረጡ። ቴስተርና ትርፍ ገመድ ስጧቸው፣ የሶኬቶቹን ዝርዝርም አሳዩአቸው። ማታ ጎረቤታቸው ሲቸገር ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።