በታዳጊ አገሮች ዕዳ ላይ ለመሥራት ለሚነሱ ወጣት ማህበራዊ ሥራ ፈጣሪዎች

የአንድን አገር ዕዳ ለማቃለል የሚነሳ ወጣት አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ገንዘቡ የሚከፈለው ለማን ነው?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዕዳ ለከበደባቸው ድሃ አገሮች የዕዳ ቅነሳ መርሐ ግብር ሲጀምሩ፣ የእነዚህ አገሮች አብዛኛው ብድር ከመንግሥታትና ከዓለም አቀፍ ተቋማት የተገኘ ስለነበር የሕዝብ ግፊት በቀጥታ አበዳሪዎቹ ዘንድ ይደርስ ነበር። ዛሬ ቦንድ (መንግሥት ገንዘብ ለመበደር የሚሸጠውን የዕዳ ሰነድ) የገዙ የግል ባለሀብቶችና እንደ ቻይና ያሉ ትልልቅ አበዳሪዎች ተጨምረዋል፤ ለአንዱ የሚሠራው መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ አንድ አገር ምረጡና ዓለም ባንክ በየዓመቱ በነጻ የሚያወጣውን የዓለም አቀፍ ዕዳ መረጃ ተመልከቱ። በጠቅላላው የዕዳ መጠን ላይ ብቻ አትቁሙ። በየዓመቱ የሚመለሰውን ዋና ገንዘብና ወለዱን ለይታችሁ ከመንግሥት ገቢ ጋር አነጻጽሩ፤ ለጤናና ለትምህርት ሊውል ከሚችለው በጀት ላይ የሚነሳው ይህ ክፍያ ነውና።

መረጃው ግን ሁሉንም አያሳይም። በሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 የመንግሥት ኩባንያዎች ፓርላማው ባላጸደቀው የመንግሥት ዋስትና ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ወሰዱ። ከዚህ ብዙው ተደብቆ ቆይቶ በ2016 ሲጋለጥ ለጋሾች የበጀት ድጋፋቸውን አቋረጡ፣ ሸክሙም ስለ ውሉ ምንም በማያውቀው ሕዝብ ላይ ወደቀ። በመሆኑም የብድር ውሉ በተገኘ ቁጥር ራሱን ውሉን አንብቡ፤ የምስጢር ግዴታ አለበት ወይ፣ በዋስትና የተያዘ ሀብት አለ ወይ፣ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው በየትኛው አገር ሕግ ነው፣ አደጋ ሲደርስ ክፍያ የሚቆምበት አንቀጽ ተካትቷል ወይ ብላችሁ መርምሩ።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል መስሎ እንዳይታለፍ። ግሬናዳ ዕዳዋን ባሸጋሸገችበት ጊዜ አውሎ ነፋስ ቢመታት ክፍያ ለጊዜው የሚያቆም አንቀጽ በቦንዷ ውስጥ አስገብታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት በዚያው አንቀጽ ተጠቅማ ክፍያዋን አዘገየች። ወጣቶች ሊሟገቱለት ከሚችሉት ነገር ሁሉ እኔ አስቀድሜ የምመርጠው ይህን ነው፤ አበዳሪው ገንዘቡን አያጣም፣ ተበዳሪውም በሐዘኑ ሳምንት ከመክፈል ይድናል።

ዕዳን ለተፈጥሮ ጥበቃ መለወጥ፣ ማለትም ዕዳው ሲቀንስ አገሪቱ በምላሹ ለተፈጥሮ ጥበቃ ገንዘብ የምትመድብበት ስምምነት፣ የብዙዎችን ቀልብ ይስባል። ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. 553 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣውን ቦንዷን ለእያንዳንዱ ዶላር 55 ሳንቲም እየከፈለች መልሳ ገዛች። ገንዘቡ የመጣው ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ካመቻቸው አዲስ ብድር ሲሆን፣ ወለዱ ሊቀንስ የቻለው የአሜሪካ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም የፖለቲካ አደጋ መድን (መንግሥት ሳይከፍል ቢቀር አበዳሪውን የሚክስ ዋስትና) ስለሰጠው ነው። በምላሹ አገሪቱ ከባሕሯ 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማማች። ልብ በሉ፤ አሮጌው ዕዳ ቢቀንስም በቦታው አዲስ ዕዳ ገብቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐሳብ ስታቀርቡ ለአማካሪዎችና ለጠበቆች የሚወጣው ስንት እንደሆነ፣ የጥበቃውን ገንዘብ የሚያዝበት ማን እንደሆነና በባሕሩ የሚተዳደሩ ዓሣ አጥማጆች በውሳኔው ላይ ድምፅ እንዳላቸው በጽሑፍ አስፍሩ። የእናንተ ድርጅት ገቢም ከስምምነቱ በመቶኛ የሚታሰብ እንዳይሆን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ውሉ እንዲፈረም ብቻ የሚጓጓ አጥኚ ጉድለቱን ለማየት ይቸገራል።

ጊዜውንም አስቡ። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ክፍያ አቋርጣ ከመንግሥታት አበዳሪዎቿ ጋር በመርሕ ደረጃ የተስማማችው በ2023 ሲሆን፣ ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የጨረሰችው በ2024 ነው። ጥናታችሁ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ የዕዳ አስተዳደር ክፍልና ለፓርላማው የበጀት ኮሚቴ መድረስ ያለበት ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፣ በመጀመሪያው ገጽም በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብና እንዲጨመር የምትጠይቁት አንቀጽ ቃል በቃል ይቀመጥ።