የደረቀ ተክል ሞቷል ከማለታችሁ በፊት

ከጥቅምት እስከ ጥር አዲስ አበባ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ ይበረታል፣ የቧንቧው ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በየበረንዳውና በየግቢው ጥግ ቅጠሉን ያራገፈ ጽጌረዳና ቡጋንቪላ አይጠፋም። ባለቤቱ ወይ ክፍለ ሀገር ከርሟል፣ ወይ ረስቶታል። ሲመለስ ይደነግጥና በየቀኑ ውሃ ይደፋበታል። ነፍስ የነበረውም ተክል ያኔ ይበሰብሳል። እባካችሁ ጀሪካኑን ለጊዜው አስቀምጡት።

መጀመሪያ መርምሩ። ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ። ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ ወረድ ብላችሁ ደግማችሁ ፋቁ። ጫፉ ደርቆ ግንዱ ደህና የሆነ ሞልቷል። እስከ አፈሩ ድረስ አረንጓዴ ካጣችሁ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን ንኩት። ጠንከር ያለ ሥር ተስፋ አለው። ጠቁሮ የላመና የሚሸት ከሆነ ግን አትልፉ፣ አልቆለታል።

በሶብላ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። አብቦ ዘር ከያዘ በኋላ መድረቁ ተፈጥሮው ነው። ዘሩን አራግፋችሁ መልሳችሁ ዝሩት።

ቀጥሎ ውሃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከልክ በላይ የደረቀ አፈር ውሃ አይቀበልም። ከላይ ብታፈሱበት በመትከያው ጠርዝ ሾልኮ ከታች ይወጣል፣ እናንተም የጠጣ ይመስላችኋል። ይልቅ ሳፋ ውስጥ ውሃ ጨምሩና መትከያውን እስከ አንገቱ ንከሩት። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያቆምና የላዩ አፈር ሲርስ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ማለት ነው፣ አውጥታችሁ አጠንፍፉት። የተከላችሁት ቀዳዳ በሌለው ጣሳ ከሆነ ግን መጀመሪያ ታቹን በምስማር ብሱት። በሳፋው የተረፈው ውሃ ለሌላው ተክል ይሆናል፤ በፈረቃ የመጣ ውሃ አይደፋም።

መሬት ላይ ለተተከለው ዙሪያውን ጎድጎድ አድርጉና ጥቂት በጥቂት አጠጡት፣ ከዚያ አፈሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት። ከዚህ በኋላ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡና ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጡ። ቅጠል የሌለው ተክል ብዙ አይጠጣም።

አሁን ግረዙት። መቀሱን በአልኮል ጥረጉና የደረቀውን ሁሉ አረንጓዴው እስኪታይ ድረስ ቁረጡ፤ አዲስ ቅጠል ከሚወጣበት ዓይን ትንሽ ከፍ ብላችሁ። ጽጌረዳና ቡጋንቪላ ላይ አትሳሱ፣ ጠንከር ያለ ቆረጣ ይችላሉ። የጥብስ ቅጠል ግን ሌላ ነው። ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱ ብዙ ጊዜ አያቆጠቁጥም፣ ስለዚህ አረንጓዴ ካለበት በታች አትውረዱ። ከለመለመው ጫፍ ቆርጣችሁ ሌላ ጣሳ ላይ ብትተክሉ እንዲያውም ይሻላል።

የመሀል ከተማ ተክል ላይ የግንባታ አቧራ አለ። የቀሩትን ቅጠሎች በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላቸው። ከዚያ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው፣ ብርሃን ግን ያለው ቦታ ላይ አስቀምጡት። ፍግና ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆዩ፤ የደከመ ሥር አይችላቸውም። የቡና አተላውንም በየዕለቱ መድፋት ይቅርባችሁ። ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ውሃውን ያግዳል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በታኅሣሥ ብርድ እንቅልፉ ይረዝማል፣ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ይፈጥናል። በየሳምንቱ እየነቀላችሁ ሥሩን አትዩት፣ ግንዱን ፋቅ ማድረግ ይበቃል። የሰኔ ዝናብ ገብቶም ምንም ካላቆጠቆጠ ንቀሉት። ሥሩ በስብሶ ከነበረ የመትከያውን አፈር ድፉትና ዕቃውን በበረኪና እጠቡት፣ አዲስ ችግኝ የምትተክሉት ከዚያ በኋላ ነው።