ክላውድ አፕግሬድ ስታደርጉ ቁልፎቹን እንዳትረሱ

አፕግሬድ ሲታሰብ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ሰርቨሩና ስለ ዳታቤዙ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ማን ምን እንደተፈቀደለት ነው። የምሠራው ኦፕንስታክ (የራስን ክላውድ ማቋቋሚያ ሶፍትዌር) ላይ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው።

ምንም ሳትነኩ ያለውን መዝግቡ። የዩዘር ስም ብቻውን አይበቃም። ማን፣ በየትኛው ፕሮጀክት፣ በምን ሮል (የፈቃድ ዓይነት)? ዝርዝሩን ስታወጡ "ኢፌክቲቭ" የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። በግሩፕ በኩል የመጣውን ፈቃድም ያሳያችኋል። ከአፕግሬዱ በኋላ የምታመሳክሩት ከዚህ ፋይል ጋር ነው።

ቀጥሎ ሮሎቹ። በድሮው ኦፕንስታክ "ሜምበር" የሚለው ሮል ከፊትም ከኋላም አንደርስኮር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሮኪ ከተባለው ቨርዥን ጀምሮ ኪይስቶን (ማንነትንና ፈቃድን የሚቆጣጠረው የኦፕንስታክ ክፍል) ሲዘጋጅ አድሚን፣ ሜምበርና ሪደር (ማየት ብቻ የሚፈቀድለት) የሚባሉ ሮሎችን ራሱ ይፈጥራል። ይሄኛው ሜምበር አንደርስኮር የለውም። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለሲስተሙ ግን ሁለት ናቸው። አዲሱን አሮጌው ለነበራቸው ሁሉ ስጡ፣ ሞክሩት፣ አሮጌውን ከዚያ በኋላ አጥፉት። ሮል ሲጠፋ በሱ የተሰጠው ፈቃድ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ፓስወርድ ብዙ አያስጨንቅም። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ፓስወርዱ ራሱ ሳይሆን ሃሹ (ወደ ኋላ የማይፈታ ቅያሬው) ነው፤ እንዳለ ከተዛወረ ሰው በቀድሞው ፓስወርዱ ይገባል።

ጣጣው ያለው ቁልፎቹ ላይ ነው። ኪይስቶን ሁለት የቁልፍ ፎልደር አለው፤ አንዱ የፈርኔት ቶክን (ሎግ ኢን ላደረገ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ ማለፊያ)፣ ሌላው የክሬደንሻል (ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጡ መግቢያ ሚስጥሮች)። የቶክኑ ቁልፍ ቢጠፋ ሰው እንደገና ሎግ ኢን ያደርጋል፣ አለቀ። የክሬደንሻሉ ግን እንደዚያ አይደለም። የኢሲ2 ሚስጥር ቁልፎች (ስክሪፕቶች በፓስወርድ ፋንታ የሚገቡባቸው በአማዞን ዓይነት የተሠሩ ቁልፎች) ዳታቤዙ ውስጥ የተመሰጠሩት በሱ ነው። አንድ ጊዜ ዳታቤዙን ብቻ አዛውሬ አዲሱ ማሽን ላይ አዲስ ቁልፍ ፈጠርኩ። ሰው ሁሉ ገባ፣ ደስ አለን። ሌሊት የሚሠራው የባክአፕ ስክሪፕት ግን የሚገባው በኢሲ2 ቁልፍ ነበር። ሦስት ሌሊት ባክአፕ ሳይወሰድ አደረ። ያንን ሎግ ሳይ የተሰማኝን ድንጋጤ እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ ሁለቱንም ፎልደር ከነባለቤትነታቸውና ከነፈቃዳቸው ኮፒ አድርጉ። ከዳታቤዙ ባክአፕ ጋር ግን አንድ ቦታ አታስቀምጧቸው፤ ቁልፎቹንም ዳታቤዙንም ያገኘ ሰው የተመሰጠረውን ሚስጥር ሁሉ ያነባል።

ሰው ሲከለከል ይደውላል። ስክሪፕት ዝም ይላል። ስለዚህ ሙከራውን የሰው ስም ከሌላቸው አካውንቶች ጀምሩ፤ ባክአፕ፣ ሞኒተሪንግ፣ የመሳሰሉት። 401 የሚል የስህተት ኮድ ካያችሁ ማንነቱ አልተረጋገጠም፤ ፓስወርዱን፣ ቶክኑን ወይም ቁልፉን እዩ። 403 ከሆነ ማንነቱ ታውቋል፣ የጎደለው ፈቃድ ነው፤ ወደ ሮሉ ሂዱ።

መከልከል ያለበትንም ሞክሩ። ሪደር ብቻ ባለው ዩዘር ግቡና አንድ የሙከራ ማሽን ለመሰረዝ ሞክሩ። ከተሰረዘ ያ ሰርቪስ አሁንም ሪደርን በማይለየው በአሮጌው ፖሊሲ (የትኛው ሮል ምን እንደሚፈቀድለት በሚወስነው ደንብ) እየሠራ ነው። ፖሊሲው እስኪስተካከል ሪደርን ለማንም አትስጡ።