የጉበት ቫይረስ ምርመራ፦ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ሲያሳስተን

ጆርጂያ በ2015 በአዋቂ ዜጎቿ መካከል ሄፓታይተስ ሲ ምን ያህል እንደተሰራጨ ለማወቅ አገር አቀፍ ጥናት አካሄደች። ሁለት ቁጥሮች ወጡ፦ 7.7 በመቶ እና 5.4 በመቶ። ሁለቱም ስለ አንድ ቫይረስ፣ ስለ አንድ ሕዝብ ናቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው «ቫይረሱ ሰውነታችሁ ውስጥ ገብቶ ያውቃል ወይ?» ለሚለው መልስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አሁንስ አለ ወይ?» ለሚለው።

ስለ ጉበት ቫይረስ ሲወራ የምሰማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህች ልዩነት ይጀምራሉ። ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። እኛ ግን ያልጠየቅነውንም የመለሰልን ይመስለናል። ታማሚውም፣ ጋዜጠኛውም፣ አንዳንዴ መንግሥትም እንዲሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዱካውን አይቶ ጅቡ ቤት ውስጥ ነው ማለት

ለሄፓታይተስ ሲ መጀመሪያ የሚደረገው ርካሽና ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ የእግር ዱካ ነው። ጅቡ በዚህ እንዳለፈ ይነግረናል። አሁን የት እንዳለ ግን አይነግረንም።

በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒት ሳይወስዱ በስድስት ወር ውስጥ ራሳቸው ያስወግዱታል። ዱካው ግን ይቀራል። ታክመው የዳኑትም ላይ እንዲሁ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ይቀራል። የዛሬዎቹ እንክብሎች በ8 ወይም በ12 ሳምንት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑ ታካሚዎችን ያድናሉ። ስለዚህ «ዳንኩ ብዬ ነበር፣ ዛሬ ስመረመር እንደገና ፖዘቲቭ አሉኝ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። የተደረገለት ምርመራ ቀድሞውንም መዳኑን ሊያሳይ የማይችል ነበር። የዳነ ሰው እንደገና ተይዞ እንደሆነ ለማወቅ የሚጠየቀው የአርኤንኤ ምርመራ ነው፤ እሱ ራሱን ቫይረሱን ይፈልጋል።

ሥራ ቀጣሪዎችና ቪዛ ሰጪዎች ይህን ሳያውቁ በዱካ ብቻ ሰው ሲከለክሉ ያናድደኛል። ግን ስህተቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ብዙ የጤና ተቋማት ፖዘቲቩን ከነገሩ በኋላ «ለሁለተኛው ምርመራ ሌላ ቀን ተመለስ» ይላሉ። ሰው ይሄዳል፣ አይመለስም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ በተቀዳው ደም ላይ፣ ታማሚው ሳይጉላላ፣ ሁለተኛውንም በዚያው መሥራት።

ሄፓታይተስ ቢን በአንድ ምርመራ ብቻ መዝጋት

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፣ ታገሡኝ። ለሄፓታይተስ ቢ የተለያየ ጥያቄ የሚመልሱ ሦስት ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው የቫይረሱን የላይኛ ገጽ አንቲጂን፣ ማለትም የቫይረሱን የራሱን አካል ክፍል፣ ይፈልጋል። ከተገኘ ቫይረሱ አሁን አለ። ሁለተኛው በዚያው ገጽ ላይ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል። ከተገኘ ሰውየው ተከትቧል ወይም ተይዞ ድኗል፤ መከላከያ አለው። ሦስተኛው የቫይረሱን አስኳል የሚመለከት ፀረ እንግዳ አካል ነው። ክትባት ይህን አያመጣም። ስለዚህ ከተገኘ ሰውየው በሆነ ጊዜ ከእውነተኛው ቫይረስ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው።

«ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያጭበረብር አያችሁ? የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ሲሆን ሐኪም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ብቻውን ፖዘቲቭ ሲሆን ደስ ይበላችሁ። ወረቀቱን ከላብራቶሪ ተቀብሎ ቃሏን ብቻ አንብቦ ቤቱ ገብቶ የሚያለቅስ ሰው፣ ምናልባት ክትባቱ በደንብ እንደያዘለት የሚያበስር ወረቀት ነው የያዘው።

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ከ2023 ጀምሮ አዋቂዎች ሁሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሦስቱንም ባንድነት እንዲመረመሩ ይመክራል። አቅም ያነሰባቸው አገሮች በመጀመሪያው ብቻ ይጀምራሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ስህተት የሚሆነው በአንዱ ጀምሮ ሦስቱን የሠሩ ያህል መናገር ነው። የላይኛው አንቲጂን ኔጌቲቭ የሆነ ሰው «አልተያዝክም» ሊባል ይችላል፤ «መከላከያ አለህ» ሊባል ግን አይችልም። ክትባት ያስፈልገው ይሆናል።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። ክትባት በወሰዱ እስከ 18 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የተመረመሩ ሰዎች ላይ አንቲጂኑ ለአጭር ጊዜ ሊታይ ይችላል። ያ ከክትባቱ የመጣ ነው፣ በሽታ አይደለም። ሌላው፣ «ሥር የሰደደ» የሚባለው አንቲጂኑ ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ነው። በአንድ ቀን ውጤት ይህን ስም መለጠፍ ቸኩሎ መፍረድ ነው።

ፊደሎቹን እንደ ደረጃ መቁጠር

«ቢ ነበረብኝ፣ ሳልታከም በመቆየቴ ወደ ሲ ተሸጋገረ?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። አይሸጋገርም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ አምስት የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው። የሚያገናኛቸው ሁሉም ጉበት ላይ ማረፋቸው ነው። ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ። ቢ፣ ሲ እና ዲ በደምና በሰውነት ፈሳሾች። ለኤ የተከተበ ሰው ከቢ አይጠበቅም። ለሲ ደግሞ እስከ አሁን ክትባት የለም።

ከሁሉም የሚረሳው ዲ ነው። ዲ ብቻውን መኖር የማይችል ጥገኛ ነው፤ የሚባዛው ቢ ያለበት ሰው ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉበትን በፍጥነት ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች 5 በመቶ ገደማ ዲም እንዳለባቸው ይገምታል። እንደ ሞንጎሊያ ባሉ አገሮች ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ቢ ተገኝቶ ዲ ካልተፈለገ ምርመራው ገና አላለቀም።

ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ

በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው፣ ዓይንና ቆዳ ቢጫ የሚሆንበት ምልክት፣ ብዙዎች ላይ ጭራሽ አይታይም። ቢ እና ሲ ለአሥርና ሃያ ዓመት ድምፅ ሳያሰሙ ጉበትን ሊያጠቁ ይችላሉ። የጉበት ኢንዛይም ምርመራ «ጤነኛ ነው» ማለቱም ዋስትና አይደለም። ኢንዛይም የሚነግረን ጉበቱ በዚያች ቀን ስለመቆጣቱ ነው።

በተቃራኒው ቶሎ መመርመርም ያሳስታል። የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ8 እስከ 11 ሳምንት ቆይቶ ነው። አርኤንኤው ግን በአንድና በሁለት ሳምንት ይታያል። መርፌ የወጋው የጤና ባለሙያ በማግስቱ ተመርምሮ ኔጌቲቭ ሲሆን፣ የሚያውቀው ከመወጋቱ በፊት ነፃ እንደነበረ ብቻ ነው።

የአገሮችን ቁጥር ደርድሮ «ማን ባሰ» ማለት

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ይህኛው ነው።

አንድ አገር በዓመት ብዙ ሺህ አዲስ የሄፓታይተስ ሲ ታማሚ መዘገበች እንበል። ጎረቤቷ ጥቂት መቶ ብቻ። የትኛዋ ባሰች? ከዚህ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም። የመጀመሪያዋ ብዙ ስለመረመረች ይሆናል። ከተመዘገቡት ስንቱ አዲስ ተይዞ ነው፣ ስንቱ ከሃያ ዓመት በፊት ተይዞ ዛሬ ገና የታወቀ ነው? ብዙ አገሮች ሁለቱን አይለዩም። ምርመራ ሲስፋፋ ቁጥር ይወጣል፤ ያ ብዙውን ጊዜ የምሥራች ነው።

ብዙ በሚመረምርባት አሜሪካ እንኳን የበሽታ ቁጥጥር ማዕከሉ ሪፖርት የተደረገለትን እያንዳንዱን አዲስ የሄፓታይተስ ሲ ሕመም በ13.9 ያባዛዋል። የቢውን በ6.5። ምክንያቱም አብዛኛው አዲስ የተያዘ ሰው ምልክት ስለሌለው ሐኪም ዘንድ አይመጣም።

የደም ለጋሾችን ውጤት የአገር ቁጥር ማድረግም የተለመደ ጥፋት ነው። ለጋሽ ቀድሞ የሚጠየቅና የሚጣራ፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ነው። ከሱ የሚገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከእውነታው ያንሳል።

ሄፓታይተስ ኤ ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ይገለብጠዋል። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቦታ ሕፃናት በለጋነታቸው ይያዛሉ፣ እምብዛም አይታመሙም፣ ዕድሜ ልክ መከላከያ ይኖራቸዋል። ስለዚህ የሚመዘገበው ታማሚ ጥቂት ነው። ንጽሕና ሲሻሻል ሰዎች ሳይያዙ ያድጋሉ። ከዚያ ቫይረሱ ሲገባ የሚታመሙት አዋቂዎች ይሆናሉ፣ አዋቂ ላይ ደግሞ ይከብዳል። በ1988 ሻንጋይ ውስጥ በተበከለ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ምግብ የተነሳ 300 ሺህ ገደማ ሰው የታመመው እንዲህ ነው። ጥቂት ታማሚ የምታስመዘግብ አገር የግድ ንጽሕናዋ የተሻለ አይደለም።

ታዲያ በምን ይወዳደሩ? ለሄፓታይተስ ቢ ጥሩ መስፈሪያ የሚሆነው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያለው ሥርጭት ነው። የአዋቂዎቹ ቁጥር የሚናገረው የትናንቱን ነው። ታይዋን ሕፃናትን መከተብ የጀመረችው በ1984 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ላይ ሥርጭቱ እጅግ ሲወርድ፣ አረጋውያኑ ላይ ግን እንደነበረ ቆይቷል። ሁለቱን ደባልቆ አንድ አማካይ የሚያወጣ ሰው የክትባቱን ሥራ ይሸፍነዋል።

መርምሮ መቅረት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው 254 ሚሊዮን ገደማ፣ ሲ ካለባቸው ደግሞ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መካከል መታመማቸውን ያወቁት የቢዎቹ 13 በመቶ፣ የሲዎቹ 36 በመቶ ናቸው። መድኃኒት ያገኙት ደግሞ የቢዎቹ 3 በመቶ፣ የሲዎቹ 20 በመቶ። በዚያው ዓመት በጉበት ቫይረስ 1.3 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሰው መረመርን» የሚል ዘገባ ስሰማ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ግብፅ ይዛው የመጣችው ግን ይኸንኑ ነበር። እዚያ ሄፓታይተስ ሲ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መንግሥት ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ባካሄደው የመርፌ ዘመቻ ነው፤ መርፌዎቹ በደንብ ሳይጸዱ ከሰው ሰው ይሄዱ ነበር። በ2008 ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉት መካከል 14.7 በመቶው ዱካው፣ 9.8 በመቶው ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ነበረባቸው። ከ2018 ጥቅምት ጀምሮ በሰባት ወር ውስጥ 50 ሚሊዮን ገደማ አዋቂ ተመረመረ። ቫይረሱ የተገኘበት በነፃ መድኃኒት ወሰደ። አገር ውስጥ የሚመረቱ ርካሽ እንክብሎች ባይኖሩ ዘመቻው የማይታሰብ ነበር። በ2023 ጥቅምት የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅን ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ የደረሰች የመጀመሪያ አገር አላት።

ተከታዩ እርምጃ የሚረሳበት ሌላው ቦታ የእርግዝና ክትትል ነው። ሄፓታይተስ ቢ ካለባት እናት ሲወለድ የሚያዝ ሕፃን 95 በመቶ ገደማ ቫይረሱ ሥር ይሰድበታል፤ አዋቂ ላይ ይህ ከ5 በመቶ በታች ነው። ሕፃኑን የሚያድነው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት ነው። በአፍሪካ ቀጠና በ2022 ይህን ክትባት በጊዜው ያገኙት ሕፃናት 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። እናቶች በክትትል ጊዜ ይመረመራሉ፤ ውጤቱ ካርዳቸው ላይ ይጻፋል፤ ምጥ በመጣበት ሌሊት ግን ካርዱን አንብቦ ክትባቱን ከማቀዝቀዣ የሚያወጣ ሰው የለም።